«ብርቱው ይኖራል፣ ደካማው ይጠፋል»፦ ለገበያ ይሠራል?

የክርክሩ ጥያቄ፦ የሠፈር ሱቆች በትልልቅ ሱፐርማርኬቶች እየተዋጡ ሲዘጉ «ብርቱው ይኖራል፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው» ማለት ያስኬዳል?

ነጋዴው፦ ያስኬዳል እንጂ! ዳርዊን የጨረሰው ጉዳይ ነው። መወዳደር ያልቻለ ይዝጋ። ማን ማንን ይሸከማል?

የባዮሎጂ መምህር፦ ወንድሜ፣ አባባሉን ያመጣው ዳርዊን አይደለም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ኸርበርት ስፔንሰር ነው፣ በ1864 እ.ኤ.አ.። ዳርዊን ስለ ዝግመተ ለውጥ የጻፈውን ዋናውን መጽሐፉን ያወጣው በ1859 ነበር፤ ይህን አባባል የጨመረበት ግን በ1869 እትሙ ነው። እሱም ዋላስ የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጓደኛው ከወተወተው በኋላ።

ደግሞ «ብርቱ» ማን ነው? ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የተባሉ ባልና ሚስት እዚያ የወፎችን ምንቃር እየለኩ ዓመታት ቆይተዋል። በ1977 እ.ኤ.አ. ድርቅ ገባ። ለስላሳው ዘር አለቀና እሾሃማው ቀረ። እሱን መስበር የቻሉት ባለወፍራም ምንቃሮቹ ናቸው፤ ባለትንሽ ምንቃሮቹ በብዛት አለቁ። እዚህ ላይ ብናቆም አንተ አሸነፍክ። ግን በ1983 ዝናቡ ያለ ልክ ዘነበ፣ ጥቃቅን ዘር ደሴቷን ሞላት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሉ ወደ ባለትንሽ ምንቃሮቹ ዞረ።

ነጋዴው፦ በቃ፣ ገበያውም ሲለወጥ ሌላው ይነሳላ! እኔ ያልኩትን ነው የደገምክልኝ።

ዝም ብዬ የማነብ፦ ቆይ እንጂ። ደሴቷ ላይ ዝናቡን ያዘነበው ወፍ አይደለም። ብድር ለማን እንደሚሰጥ፣ ዶላር ማን እንደሚያገኝ፣ ግብሩ ስንት እንደሚሆን የሚወስነው ግን ሰው ነው። ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ተከልክሎ ሲያበቃ «ተፈጥሮ ነው» ይባላል እንዴ?

የሠፈር ሱቅ ልጅ፦ እኔ ሱፐርማርኬቱን አልፈራም። እሱ በዱቤ አይሰጥም። የኔ ደንበኛ ደመወዝ እስኪወጣ ደብተር ላይ ያስጽፋል፤ ሁለት እንቁላልና ሩብ ኪሎ ስኳር ይወስዳል። የሚያዘጋኝ ኪራዩ ነው።

የባዮሎጂ መምህር፦ ይኸው፣ ከቦታው ጋር የተስማማው እሱ ሆነ! ለነገሩ ባዮሎጂ ማን እንደተረፈ ይነግረናል እንጂ ማን መትረፍ እንዳለበት አይፈርድም።

ነጋዴው፦ እሺ፣ ዳርዊንን ተዉት። ታዲያ መንግሥት ኪራይ ይክፈልለት ነው የምትሉት?

የሠፈር ሱቅ ልጅ፦ ማን ይክፈልልኝ አለ? አከራዬ በየስድስት ወሩ ዋጋ አይጨምርብኝ ነው ያልኩት።