ለዞኑ ጤና መምሪያ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ፦ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ተከታታይ ሥልጠና

የረቂቅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናው ረቂቅ ደርሷችኋል። ረቂቁ በከተማ አዳራሽ ለሦስት ቀናት የሚሰጥ ሥልጠና ያቀርባል። መሻሻል ያለበትን አንቀጽ ከነምክንያቱ እንድትጽፉልን እንጠይቃለን።

ጤና መኮንን፣ ከገጠር ጤና ጣቢያ፦
ሰብሳቢያችን፣ የርእሶቹን ምርጫ እደግፋለሁ፤ የማልስማማው በቦታው ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ሥልጠና በተመለስን በሳምንቱ አንዲት እናት ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው መጡ፤ ላባቸው ሳይደርቅ፣ ካፉ (ክንድ ላይ ተጠቅልሎ በአየር የሚነፋው የደም ግፊት መለኪያው ክፍል) ከሹራባቸው በላይ ተጠቅልሎ ግፊታቸው 168 በ98 ተመዘገበ። ጀርባቸውን አስደግፈን አምስት ደቂቃ ካሳረፍናቸው በኋላ፣ ክንዳቸውን ከልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ አድርገን በባዶ ክንዳቸው ስንለካ 136 በ84 ሆነ። መጀመሪያ የለካው ባልደረባዬ አብሮኝ የሠለጠነ፣ ግፊት ከፍ ብሏል የሚባልበትን 140 በ90 የሚለውን ወሰን በቃሉ የሚያውቅ ነው፤ በአዳራሹ ግን ማናችንም ካፍ በእጃችን አልያዝንም ነበር። ያለን ካፍም አንድ መጠን ብቻ ሲሆን፣ ወፍራም ክንድ ላይ የጠበበ ካፍ ግፊቱን ከእውነተኛው አስበልጦ ያሳያል። ስለዚህ ሥልጠናው በየተመላላሽ ሕክምና ክፍላችን፣ በራሳችን መሣሪያ እንዲሰጥና መጠናቸው የተለያየ ካፎች በበጀቱ እንዲያዙ እጠይቃለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ሐሳቡን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ረቂቁ ስለ ስኳር መድኃኒቶች መጠን በዝርዝር ሲያትት ስለ ጾም አንድም መስመር የለውም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በረመዳንም ታካሚው ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ ምግብም ውኃም አይቀምስም። ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር እንክብል ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መጠኑ ሳይስተካከል ከጾመ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድበት ይችላል፤ ብዙዎች ደግሞ እንከለከላለን ብለው መጾማቸውን አይነግሩንም። ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ታካሚውን ሳያሳቅቁ እንዴት መጠየቅ እንደሚቻል፣ መጾም የማይገባውንም ሰው ከነፍስ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር እንዲመካከር እንዴት ማገዝ እንደሚቻል በልምምድ መልክ ይግባ። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በሸክላ ዕቃ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቆይበትን መንገድ ሠልጣኙ በእጁ አሳይቶ ማስረዳት ይኖርበታል።

ነርስ፣ የክትትል ክፍል አስተባባሪ፦
ዶክተር ያነሡት እኛንም በየዓመቱ የሚያስጨንቀን ጉዳይ ነው። እኔ ስለ ተረኞች ልናገር። ሁለታችን ለሦስት ቀን ስንሄድ ክፍሉ በአንዲት ነርስ እጅ ይቀራል፤ ቀጠሮ የነበራቸውም ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ሳይወስዱ ይመለሳሉ። ሥልጠናው በየሁለት ሳምንቱ፣ ታካሚ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ፣ ለሁለት ሰዓት ቢሆንና ተረኛ የነበረው በቀጣዩ ዙር ቢገባ ማንም አይጎዳም። የሥልጠናው ነጥብ ለሙያ ፈቃድ ዕድሳት እንዲያዝልንም ዕውቅና ካለው ሥልጠና ሰጪ ጋር የሚደረገው ስምምነት በረቂቁ በግልጽ ይጻፍ።

የረቂቅ ኮሚቴው ሰብሳቢ፦
ሲስተር፣ ሁለቱም ሐሳቦች ገብተዋል። አንቀጽ 4 እንዲህ ተስተካክሏል፦ «ሥልጠናው በየጤና ጣቢያው፣ በየሁለት ሳምንቱ፣ በታካሚ ክትትል ላይ ተመሥርቶ ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአሠልጣኙ ፊት ለክቶ፣ መዝግቦና አስረድቶ ያሳያል።» ለአዳራሽና ለአበል ተይዞ የነበረው ገንዘብ ለካፍና ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ ግዢ ይዛወር የሚለው ግን የአባላትን ጥቅም ስለሚነካ በኮሚቴው ብቻ አይወሰንም፤ እስከ ዓርብ ድምፃችሁን ስጡበት።