የአውሮፕላናችን የካርበን ፍሬን በቶሎ እያለቀ ነው፤ ጥፋቱ ከማረፉ ነው ወይስ ከታክሲው?

ጥያቄ፦
ባለ ሁለት ሞተር ቢዝነስ ጄት ነው። ፍሬኑ ካርበን ነው፤ ሪቨርሰርም (የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት አዙሮ አውሮፕላኑን የሚያዘገይ) አለው። የፍሬን ማለቂያ ፒኖቹ (ፍሬኑ ባለቀ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚገቡ መለኪያ ዘንጎች) ከጠበቅነው በፊት ወደ ውስጥ እየገቡ ነው። አብራሪዎቹ ጥንቁቅ ናቸው፤ መሬት ከነኩ በኋላ ፍሬኑን ቀስ አድርገው እየያዙ እየለቀቁ ነው የሚያቆሙት። ታክሲ ላይም (አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሞተሩ ሲሄድ) ፍጥነት እንዳይጨምር እግራቸው ከፔዳሉ አይነሳም። በዚያ ላይ የግራው ፍሬን ሁልጊዜ ከቀኙ ይሞቃል። ከየት ልጀምር?

መልስ፣ ከበረራ አሰልጣኝ፦
ጥንቃቄ ያሉት ነገር ራሱ ነው ፍሬኑን የሚበላው። የብረት ፍሬን የሚያልቀው በሚውጠው ኃይል ልክ ስለሆነ ለስለስ ያለ አያያዝ ይስማማዋል። ካርበን ግን በዋናነት የሚያልቀው በተረገጠበት ጊዜ ብዛት ነው፤ ቀዝቃዛ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። በአንድ በረራ ለማረፍ አንዴ፣ ለታክሲ 20 ጊዜ ከተረገጠ ካርበኑን የጨረሰው ታክሲው ነው።

ስለዚህ ታክሲ ላይ እግር ከፔዳል ይነሳ። ቀጥ ባለው መንገድ ፍጥነቱ እስከ 25 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ይድረስ፤ ከዚያ አንዴ ጠበቅ አድርጎ ወደ 10 ኖት ማውረድና ሙሉ በሙሉ መልቀቅ። መታጠፊያ ላይ ግን አስቀድሞ መቀነስ ግድ ነው። የአውሮፕላኑ መመሪያ ከፈቀደ በአንድ ሞተር ታክሲ ማድረግ ከሁሉም በላይ ይረዳል፤ ስራ ፈት ላይ ያለ ሞተርም አውሮፕላኑን ይገፋልና።

ሲያርፉ ደግሞ መሬት እንደነኩ ስፖይለር (ክንፉ ላይ ተነስቶ ማንሻ ኃይሉን የሚያጠፋው ሰሌዳ) መከፈቱን ማረጋገጥ፣ አፍንጫውን ሳያቆዩ ማውረድ፣ ሪቨርሰሩን ወዲያው መክፈት። ሪቨርሰር ጉልበቱ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነው፤ ዘግይቶ ቢከፈት ጥቅሙ ትንሽ ነው። ፍሬኑ ከዚያ አንዴ ተይዞ በእኩል ጫና እስከ ታክሲ ፍጥነት ይሂድ። ማኮብኮቢያው አጭር ወይም እርጥብ ከሆነ ስለ ፍሬን ቁጠባ አይታሰብም።

መልስ፣ ከመስመር አብራሪ፦
ፍጥነቱንም አትርሱ። በ110 ኖት መንካት ሲገባ በ120 ከተነካ ፍሬንና ሪቨርሰር የሚያጠፉት ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ኃይል የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ነው። ካርበን ቢችለውም ሙቀቱ ወደ ጎማና ወደ ሪም ይሄዳል። የሙቀቱ ጫፍ የሚመጣው ከቆመ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ስለሆነ ወዲያው ያነበቡት ቁጥር አያዝናናችሁ። ፍሬኑ ትኩስ ሳለ የማቆሚያ ፍሬን አይያዝ፤ ታኮ ይደረግ። ወደ ጋለ ጎማ ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን አትቅረቡ።

መልስ፣ ከጥገና ቴክኒሻን፦
ለግራው ሙቀት መጀመሪያ ፒኖቹን አወዳድሩ። ግራው ከቀኙ አብልጦ ከገባ ሙቀቱ እውነት ነው፤ እኩል ከሆኑ የሙቀት ሴንሰሮቹን አቀያይራችሁ ሞክሩ። እውነት ከሆነ አውሮፕላኑን በጃክ አንሱ፣ ፍሬን ያዙና ልቀቁ፣ ከዚያ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ጎማው በነፃ ካልዞረ፣ ፍሬኑን የሚጫነው ፒስተን አልተመለሰም፣ ወይም የማቆሚያ ፍሬኑ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ግራው በነፃ ከዞረ ቀኙን ጠርጥሩ፦ እሱ ካልያዘ ሸክሙ ሁሉ ግራው ላይ ነው የሚወድቀው።

የዲስኮቹንም ጠርዝ በባትሪ ብርሃን እዩ። ከማኮብኮቢያ በረዶ ማቅለጫ የሚመጣ ፖታሲየም ካርበኑን እንዲኦክሳይድ ያደርገዋል፤ ጠርዙ ለስልሶ ይፈረፈራል። ያ የአብራሪ ጥፋት አይደለም።

ጠያቂው፦
ፒኑን የለካነው ፍሬን ሳይያዝ ነው። ለውጥ አለው?

የጥገና ቴክኒሻን፦
ትልቅ ለውጥ አለው። ፍሬን ካልተያዘ የግፊት ሰሌዳው (ዲስኮቹን የሚጫነው) ወደ ኋላ ስለሚሸሽ ፒኑ ረዝሞ ይታያል፤ ካለቀው ያነሰ ያለቀ ይመስላችኋል። ቀዝቅዞ፣ የሃይድሮሊክ ግፊቱ መመሪያው የሚለው ላይ ሆኖ፣ ፍሬን ተይዞ ለኩ። ፒኑ ከገባበት ቤት ፊት ጋር እኩል ከሆነ ፍሬኑ አልቋል፤ ተነቅሎ ይወርዳል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዱን ልኬት ከማረፊያ ብዛቱ ጋር መዝግቡ፤ የአብራሪዎቹ አያያዝ ሲለወጥ በየ50 ማረፊያው ልዩነቱን በቁጥር ታዩታላችሁ።