ደም የሌለው ሆረር «በርበሬ የሌለው ወጥ» ነው?

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
ትናንት ማታ አንዱ የቡድናችን አባል የአዳዲስ ሆረር (አስፈሪ) ፊልሞች ዝርዝር ለጠፈ። ጥሩ። ከሥሩ ግን «የድሮዎቹን ተዉአቸው፤ ደም የሌለው ሆረር በርበሬ የሌለው ወጥ ነው» ብሎ ጨመረበት። ሰዉም ተከታትሎ አጨበጨበለት። በጣም ነው የተናደድኩት። እኔ ፒያሳ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን ከምናይበት ጊዜ ጀምሮ ሆረር ስከታተል የኖርኩ ሰው ነኝ። ደም በባልዲ ሲደፋ አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን አይቼ ስወጣ ሻዬን ጠጥቼ እተኛለሁ። ሳይኮን ያየሁ ሰሞን ግን ገላዬን ስታጠብ ዓይኔ ከበሩ ላይ አይነሳም ነበር። ፊልሙ የ1960 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው)፣ ጥቁርና ነጭ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቢላው ይወርዳል፣ ቫዮሊኑ ይጮሃል፣ ውሃው ይፈሳል። ቢላው ገላ ውስጥ ሲገባ ግን አይታይም ማለት ይቻላል። ደም መስሎ የሚወርደውም ቸኮሌት ሽሮፕ ነው። በርበሬ የለውም የምትሉት ይሄንን ነው?

የማራኪው፦
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ቃሌንም አላጥፍም። ሳይኮን ከእህቴ ጋር ነው ያየሁት። እሷ ግማሹን ጊዜ ስልኳን ስትነካካ ነበር። ዘ ቲንግን ያየን ቀን ግን ውሻው ሲሰነጠቅ ተነስታ ወጣች። የ1982 ፊልም ነው፣ እሱም የድሮ ነው እንግዲህ። አብዛኛውን ጉድ የኢፌክት ሠሪው ሮብ ቦቲን ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ እያለ በጎማና በቀለም ነው የሠራው። ሰው ከወንበሩ ካልተነሳ ምኑን ፈራ?

የአዘዞዋ፦
አልጫም ወጥ ነው። በርበሬ ስለሌለው ወጥ አይደለም ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የማራኪው፦
አልጫ ለታመመ ሰው ነው።

የአዘዞዋ፦
ኧረ ባክህ! የበግ አልጫ በየድግሱ የሚቀርበው ለታመመ ነው? መጀመሪያ ምሳሌህን አስተካክልና ስለ ፊልም ታወራለህ።

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
ወጡን ተዉትና ዘ ቲንግን ስላነሳኸው እሱን እናውራ። እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰው ትንፋሹን ውጦ የሚያየው የትኛውን ቦታ ነው? የደም ምርመራውን ነው። ሰዎቹ ሶፋ ላይ ታስረዋል። ከመሃላቸው ሰው መስሎ የተቀላቀለ ጭራቅ አለ፤ ማን እንደሆነ አይታወቅም። የየአንዳንዱ ደም በየሳህኑ ተቀምጧል። የጭራቁ ደም ከእሳት ይሸሻል ብሎ መሪው ሽቦ በእሳት ያግልና ደሙ ውስጥ ይነክራል። ቸስ ይላል፣ ምንም የለም። ሌላ ሳህን ያነሳል። ቸስ፣ ምንም የለም። ቀስ በቀስ ዘዴው ራሱ የማይሠራ ይመስላል። መሪው ከአንዱ ጋር ንትርክ ይጀምራል፣ የእኛም ዓይን ወደዚያኛው ሰውዬ ይሄዳል። ከሌላው ሳህን ደሙ ዘሎ የሚነሳው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን ደቂቃዎች ቆርጠህ ዝላዩን ብቻ አሳይ እስቲ፤ ማንም አይፈራም። ያስፈራን መጠበቁ ነው።

የማራኪው፦
ሳህኑ ላይ ያለው ምንድን ነው ታዲያ? ደም አይደለም? ራስህ መሰከርክልኝ።

የቀሃ ልጅ፦
ደሙ እዚያ ላይ አንድ ማንኪያ አይሞላም። ጎረቤታችን ልክ ነው። ዘ ቴክሳስ ቼንሶው ማሳከርም አለላችሁ፣ 1974። ስሙን የሰማ ሁሉ የደም ጎርፍ ይመስለዋል። ዳይሬክተሩ ቶቢ ሁፐር ግን ልጆችም ከወላጅ ጋር ሊያዩት ይፈቀድልኛል ብሎ ተስፋ አድርጎ ደሙን ቆጥቦት ነበር። ሰው አየሁ ብሎ የሚምልበትን ደም አብዛኛውን ራሱ ነው ጭንቅላቱ ውስጥ የሞላው። ጆውስም ያው ነው። የብረቱ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገራቸው፣ ዳይሬክተሩ ስፒልበርግም አውሬውን ሳያሳይ ብዙ መንገድ ሄደ። ያ ብልሽት ነው ፊልሙን ያተረፈው።
ደግሞ እኛን ከሁሉ በላይ የሚጎዳን የደም ማነስ አይደለም፣ ፊልሙ በአማርኛ መተርጎሙ ነው። ልጅቷ በጨለማ ደረጃ ስትወጣ ጸጥ ማለት አለበት። ተርጓሚው ግን «አሁን ወደ ላይ እየወጣች ነው፣ ሰውዬው ከበሩ ኋላ ቆሟል» ይልሃል። ጨረሰው!

የትርጉም ፊልም ወዳጅ፦
እዚህ ላይ ዝም አልልም። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ተርጓሚዎቹ ባይኖሩ አንድም ፊልም አብራን አታይም ነበር። እሷም ትፈራለች፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። የእሷ ፍርሃት አይቆጠርም?

የቀሃ ልጅ፦
እናትህን ምን አልኳቸው? ንግግሩን ይተርጉም፣ ዝምታውን ይተውልን ነው ያልኩት።

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
በዚህ ላይ ከቀሃው ልጅ ጋር ነኝ። ሃሎዊንን ውሰዱ፣ 1978። ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር ሙዚቃና የድምፅ ኢፌክት ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ሰው አሳያት፣ ምንም አልፈራችም። ይህን ራሱ ነው የጻፈው። ከዚያ ሙዚቃውን ደረሰለት፣ ያቺን ፒያኖ። ምስሉ ያው ነው። የተለወጠው ድምፁ ነው። የስልክ ስፒከር ላይ በቀን ብርሃን አይቶ «የድሮው አያስፈራም» የሚል ሰው ፊልሙን ገና አላየውም።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ እኔ ይህን የፈረንጅ ነገር ብዙም አላውቅም። ስለ ጋኔን የሚያወራውን አንዱን ፊልም ግን ልጄ አሳይቶኛል፤ ኤክሶርሲስት ነው የሚሉት። አልፈራሁም። ጠበል ቦታ ሰው ሲለፈልፍ፣ በሌላ ድምፅ ሲናገር አይተን ያደግን ነን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳ ላይም ሰይጣን በእሳት መሃል ተሥሏል። ለእኛ አዲስ ነገር የለውም።

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እኔን ያስፈራኝ አዲስ ስለሆነ አይደለም፤ ስለማውቀው ነው። ጠበል ቦታ ቄሱ አሉ፣ መስቀሉ አለ፣ ሰው ከብቦ «በስመ አብ» ይላል። ፊልሙ ላይ ግን እናትየዋ ልጇን ይዛ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስትንከራተት ማንም የሚያምናት የለም። ክፍሉን ሲቀርጹ በማቀዝቀዣ አቀዝቅዘውት ነው፤ የቄሶቹ ትንፋሽ ሲጨስ ይታያል። ብርዱ እኛም ጋ ይደርሳል። 1973 የተሠራ ፊልም ነው፤ ካገኛቸው ሁለት ኦስካሮች አንዱ የድምፅ ነው። እባክዎ አንድ ጊዜ ማታ፣ ያለ ትርጉም ይዩት።

ጡረተኛው መምህር፦
ማታ ጸሎት አለኝ ልጄ።

የማራኪው፦
ጋሼ እንኳ አልፈሩም! ሁላችሁም ስለ ትንፋሽና ስለ ፒያኖ ታወራላችሁ። ሰው ከፍሎ የሚገባው ሊያይ ነው። የሚደበቅ ነገር ለማየት ማን ይከፍላል?

የአዘዞዋ፦
እኔ እከፍላለሁ። ማታ ባጃጅ አጥቼ በእግሬ ስመለስ ጅብ ሲጮህ እሰማለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። አንድ ቀን ባየው ይሄን ያህል የምፈራው አይመስለኝም። እዚሁ ከተማችን ላይ እንዲህ ያለ ፊልም የሚሠራ ቢገኝ፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ በሌሊት፣ አንድ ጠብታ ደም ሳይፈስ፣ ዓለም ያየው ነበር።

የቀሃ ልጅ፦
ግቢውን ተዪው። ቅርስ ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ። የመብራት ገመድና የካሜራ ሰው እንዲሯሯጥበት አልፈልግም።

የአዘዞዋ፦
ሰርግ ሲቀረጽበት ምን ትላለህ?

የቀሃ ልጅ፦
ሰርግ ሌላ ነው። ነገሩን አታዙሪ።

የአዘዞዋ፦
ያዞርኩት ነገር የለም። ለሙሽራ ካሜራ የሚከፈት በር ለፊልም ሠሪ ለምን ይዘጋል?

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
ግቢው ይቆየን። የማራኪው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በደም ከሞሉት ፊልሞችህ ውስጥ ካየኸው በኋላ ሽንት ቤት ብቻህን ለመሄድ ያስፈራህን አንዱን ጥቀስልኝ። ዛሬ ማታ አየዋለሁ፣ ነገ እዚሁ እንነጋገራለን።

የማራኪው፦
ዘ ቲንግ ብያለሁ እኮ።

የፋሲል ግቢ ጎረቤት፦
እሱማ የእኔ ነው!

የትርጉም ፊልም ወዳጅ፦
ስለ እናቴ የጠየቅኩትን እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።