ቅድመ አያቴን በድሮ መዝገብ እንዴት ላግኘው? (ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር)

ጠያቂ፦ የድሬ የልጅ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው።

የአባቴ አያት ከመንዝ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባ ሰው ነው። ምድር ባቡር ተቀጥሮ ሠርቷል ይባላል። ሹም አልነበረም፣ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የለም። ተራ ሠራተኛ ነው። ድሬ ውስጥ አንዲት ቤት ነበረችው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያው አረፈ።

ቤተሰባችን ውስጥ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። አባቴ «ከሴት አያቴ ሌላ ሚስት ነበረችው፣ ከሷ የወለዳቸው ልጆችም ሳይኖሩ አይቀሩም» ይል ነበር። አክስቴ በዚህ ጉዳይ መናገር አትወድም። የወንድ አያቴ የልደት ዓመት እንኳን አይታወቅም። የሥራ ወረቀቱ 1917 ይላል። እሱ ግን «ከኅዳር በሽታ በሁለተኛው ዓመት ነው የተወለድኩት» ይል ነበር።

የልደትም የጋብቻም የምስክር ወረቀት የለንም። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ጠየቅሁ፣ «የዚያን ዘመን ሰው እዚህ አታገኚም» ብለው መለሱኝ። ከየት ልጀምር? ሙሉ ስሙን በአደባባይ መጻፍ አልፈለግሁም።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ

እህቴ፣ እኔም ከዓመታት በፊት እንዳንቺ ጀምሬ ነበር። እኔ ያለሁበት አሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ከ72 ዓመት በኋላ ለሕዝብ ይከፈታል፣ ስም ብቻ ጽፈሽ ቤተሰቡን በሙሉ ታገኛለሽ። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ነገር አትጠብቂ። የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ የተካሄደው በ1976 ነው። የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ደግሞ በ2008። ስለዚህ «የልደት ወረቀት» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ተዪው። የድሮ ሰው የሚገኘው ሲጋባ፣ ሲካሰስ፣ ግብር ሲከፍል፣ ሲቀጠርና ሲወረስ ነው።

መልስ፦ የከዚራው

የድሬ ልጅ ነኝ፣ ይሄ ጥያቄ ልቤን ነካው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ የደረሰው በ1895 ነው። ከተማዋም የተወለደችው ያኔ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909። ወርክሾፑ እዚሁ ስለነበር ከየአገሩ ሰው መጣ፤ የመንዝ ልጅ ድሬ መገኘቱ የሚገርም አይደለም።

ኩባንያው የፈረንሳዮች ነበር። ስለዚህ የሠራተኛው ስም የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው፣ ጸሐፊው በጆሮው እንደሰማው። ብዙ ሰው «የለም» ተብሎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዮች «ሀ»ን አያሰሙም። ኃይለ የሚለው ስም በ«አይ» ተጀምሮ ሊሆን ይችላል። «ወ»ን በ«ኦ» ጀምረው ይጽፉታል፣ ስለዚህ ወልዴን ከ«ኦ» ፊደል ሥር ፈልጊ። «ሸ»ን የሚጽፉበት ጥንድ ፊደል ደግሞ እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ቸ» ብሎ ያነበዋል። ሸዋዬ ቸዋዬ ትሆንብሻለች። ከመሄድሽ በፊት ስሙን በአምስት በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ወረቀት ላይ አስፍሪ።

ሌላው፣ የአባቱን ስም ሳታጣሪ አትሂጂ። በባቡር ኩባንያው ወረቀት ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ በዚያ ፊደል ተራ የገባበት ጊዜ አለ። በራሱ ስም ካጣሽው በአባቱ ሞክሪ።

ከሁሉም በላይ ግን የድሮ የባቡር ሠራተኞች አሁንም አሉ፣ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ አዛውንቶች ናቸው። እነሱ ዘንድ ቁጭ ብለሽ ቡና ጠጪ። የማን አባት ከማን ጋር በአንድ ክፍል እንደሠራ ይነግሩሻል።

መልስ፦ ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። የምልሽን በጥሞና አንብቢ።

መጀመሪያ ቤትሽን ፈትሺ። ሰነድ ከመንግሥት መዝገብ ቤት በፊት ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ውል፣ የጋብቻ ውል፣ የእድር ደብተር፣ የፎቶግራፍ ጀርባ። የዳዊት መጽሐፍ ካለ ባዶ ገጾቹን አንድ በአንድ ግለጪ፤ ሰው ልደትና ሞት የሚጽፈው እዚያ ነበር። የግብር ደረሰኝ ላይ የሞተ ሰው ስም ብታዪ አትደንግጪ። መሬቱ በአቅኚው አባት ወይም በአያት ስም ለዓመታት ሲገበር ይኖራል። ለአንቺ እንዲያውም ትልቅ ፍንጭ ነው። ከመንዝ በኩል ርስት ከነበረ፣ ርስት በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር ክርክር ተነስቶ ሊሆን ይችላል። ተከራካሪ ደግሞ ትውልዱን እየቆጠረ ነው የሚያስረዳው። በክርክር መዝገብ ውስጥ የአምስትና የስድስት ትውልድ ቆጠራ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛ፣ የአንቺን ጥያቄ የሚመልሰው የወራሽነት መዝገብ ነው። ቤት ያለው ሰው ሲሞት ልጆቹ ወራሽነታቸውን ለማረጋገጥ ያመለክታሉ። ሌላ እናት የወለደቻቸው ካሉ ስማቸው እዚያ ይወጣል፣ ወይም «እኛም ልጆቹ ነን» ብለው ተቃውሞ ያቀርባሉ። አንድ ነገር አትርሺ፤ መዝገቡ የተከፈተው በሟቹ ስም አይደለም፣ በአመልካቹ ስም ነው። ስለዚህ በቅድመ አያትሽ ስም ሳይሆን በወንድ አያትሽና በእህት ወንድሞቹ ስም ፈልጊ። ሁሉም ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ፍርድ ቤት ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ በጋዜጣ ማስታወቂያ ያስወጣ ነበር። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ታትሟል። ጥራዞቹ አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይገኛሉ። ያረፈበትን ዓመት ካወቅሽ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አንድ ሁለት ዓመት አገላብጪ። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ስትፈልጊ ሀ፣ ሐ፣ ኀን ሁሉንም ሞክሪ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ። ጸሐፊው እንደመሰለው ነው የሚጽፈው።

መልስ፦ ማኅሌት ከሐረር

አጭር ነገር ልጨምር። ቤተሰቡ ካቶሊክ ከነበረ ወይም ልጆቹ እዚያ ክርስትና ከተነሱ ዕድለኛ ነሽ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ የአባትን ብቻ ሳይሆን የእናትንም ስም ይጽፋል፣ የክርስትና አባትና እናትንም እንዲሁ። ልጁ በኋላ ሲያገባም ያው መዝገብ ጠርዝ ላይ ይመዘገባል።

ጠያቂ፦ የድሬ የልጅ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እኛ ኦርቶዶክሶች ነን፣ ማኅሌት።

ጋሼ እንዳሉኝ አክስቴ ቤት ሄጄ ሳጥን አስከፈትኩ። ሁለት የግብር ደረሰኝ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ወረቀቱ የሰማንያ ውል ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። የቅድመ አያቴ ስም ከነአባቱ አለ። የሙሽራዋ ስም ግን የሴት ቅድመ አያታችን ስም አይደለም! «ወለተ ሥላሴ» ይላል፣ ቀጥሎ የአባቷ ስም። አባቴ «ሌላ ሚስት» የሚለው ይህንን ወረቀት አይቶ መሆን አለበት። ሽማግሌዎችና ዋሶች ተዘርዝረዋል። ቀኑ «በዘመነ ማርቆስ ጥር 18 ቀን ሐሙስ» ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ያለበት ጥግ ተቀዷል። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባሕረ ሐሳብ

ዓመቱ ባይጻፍም አልጠፋም፤ ዘመኑና ዕለቱ ተርፈዋል።

ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመጣል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ስታካፍዪው ሁለት ከተረፈ ማርቆስ ነው። በሰውየው ዕድሜ የሚሆኑት 1906፣ 1910፣ 1914፣ 1918 እና 1922 ናቸው። አሁን ጥር 18 በየትኛው ዓመት ሐሙስ እንደዋለ እንቁጠር። በ1906 ሰኞ ነበር። በ1910 ቅዳሜ። በ1914 ሐሙስ። በ1918 ማክሰኞ። በ1922 እሑድ። ዘመነ ማርቆስ ሆኖ ጥር 18 ሐሙስ የሚውለው በ28 ዓመት አንዴ ብቻ ነው። ከ1914 በፊት 1886 ነው፣ በኋላ 1942። ሁለቱም አይሆኑም። ውሉ የተጻፈው ጥር 18 ቀን 1914 ነው።

በፈረንጅ መዝገብ ስትፈልጊ ጃንዋሪ 1922 ብለሽ ያዢ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ ስምንት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በአንድ ዓመት ይሳሳታል።

መልስ፦ ባላገሯ

እኔ የማውቀው ከመዝገብ ሳይሆን ከተዝካር ነው። ወለተ ሥላሴ የክርስትና ስም ነው። በእናቶቻችን ዘመን ሴት ልጅ በሰማንያዋ ቀን በዓለም ስሟ ልትጻፍ ትችላለች፣ በክርስትና ስሟም ልትጻፍ ትችላለች። እናንተ የምታውቋት በዓለም ስሟ ነው። ስለዚህ «ሌላ ሴት» ናት ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ። ሴት ቅድመ አያታችሁ ስታርፍ በፍትሐቱ፣ በአርባዋና በሙት ዓመቷ ካህኑ ማን ብሎ ነው ስሟን የጠራው? ካህን በዓለም ስም አይጸልይም። አክስትሽ ሰምታለች። ስለ ሌላ ሚስት አትጠይቂያት፣ ስለ ተዝካሩ ጠይቂያት።

መልስ፦ ጡረተኛው መዝገብ ቤት

ባላገሯ ልክ ናት፣ ተባረኪ። ግን ልጄ፣ ወለተ ሥላሴ በየሰፈሩ አለች። ስሙ ቢገጥም እንኳን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ውሉ ላይ የተጻፈውን የአባቷን ስም ለብቻሽ ያዢ። ለአክስትሽ አታንብቢላት። አስቀድማ እሷ ትንገርሽ።

ጠያቂ፦ የድሬ የልጅ ልጅ

ትናንት ማታ አክስቴን ስለ ተዝካሩ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ስለ ድግሱ አወራችኝ፣ ማን እንደመጣ፣ ስንት እንጀራ እንደተጋገረ። ከዚያ «ቄሱ ወለተ ሥላሴ ሲሉ ማንን እንደሚሉ አላወቅሁም ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴ ናት አያትሽ ናት ያለችኝ» አለች። የአባቷንም ስም ጠየቅኋት። ሳታቅማማ ነገረችኝ። ውሉ ላይ ያለው ነው።

ወረቀቱን አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ አባቴ በዚህ ወረቀት ምክንያት ከእሷ ጋር ተቀያይሞ እንደነበር ነገረችኝ። ለእሷ የሌላ ሚስት ስም መጥራት አያቷን መስደብ መስሎ ይሰማት ነበር።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ውሉ 1914 ከሆነ አያቴ የተወለደው በ1917 ነው ማለት ነው? ወይስ እሱ እንዳለው በ1913?

መልስ፦ ጡረተኛው መዝገብ ቤት

እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ። አክስትሽንም እንኳን ደስ ያላት በይልኝ።

የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ነው፣ ስለዚህ እሱ ያለው 1913 ይሆናል። ውሉ 1917ን የሚደግፍ ይመስላል፣ ግን አትቸኩዪ። አብሮ መኖር ጀምሮ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከዚያ ሰማንያ የሚፈራረም ብዙ ነበር። ለሥራ ሲሉ ዕድሜ መቀነስም ነበር። ሁለቱንም ዓመት ጻፊ፣ የእያንዳንዱን ምንጭ ከጎኑ አድርጊ።

የወራሽነት መዝገቡንም አትተዪ። ይህ ውል ወለተ ሥላሴ ማን እንደሆነች ነገረሽ እንጂ ሌሎች ልጆች አልነበሩም አላለም። ድሬ ስትሄጂ የአመልካቾቹን ስም፣ ያረፈበትን ዓመትና የቤቱን ሰፈር በአንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፈሽ ያዢ። በቃል የጠየቀ ሰው ቶሎ ይመለሳል፣ ወረቀት የያዘውን ግን ሠራተኛው ይፈልግለታል። የውሉን ፎቶ ኮፒ ውሰጂ፣ ዋናውን አክስትሽ ዘንድ ተዪው።

መልስ፦ የከዚራው

የዋሶቹን ስም ለብቻ አውጥተሽ ያዢ። በ1914 ድሬ ውስጥ ዋስ የሆነለት ሰው ጎረቤቱ ወይም የሥራ ባልደረባው ነው። ስትመጪ ከአዛውንቶቹ ጋር አገናኝሻለሁ። ከመካከላቸው የአንዱ ዋስ የልጅ ልጅ አይጠፋም።