ምድር የምትቃጠል ከሆነ አዲስ ምድር የሚባለው ምንድን ነው? (ለደብረ ዘይት ትምህርት)

ዘኩታበር፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በደብረ ዘይት እሑድ (የጌታ ዳግም ምጽአት በሚታሰብበት የዐቢይ ጾም እኩሌታ) ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የ40 ደቂቃ ትምህርት አለ። ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁት፦ «2ኛ ጴጥሮስ 3፥10 ሁሉ ይቃጠላል ካለ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ጽድና ወይራ መትከሉ ምን ይረባል?» እያሉ ነው። ከየት ይጀመር?

ደብተራው፦
አብሽር ወንድምዓለም፣ መልሱ እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ከቁጥር 6 ጀምርላቸው። የያኔው ዓለም በውኃ ጠፋ ይላል፤ ኖኅ ግን ከመርከብ ሲወጣ በዚያችው ምድር መሠዊያ ሠራ፣ ወይን ተከለ። እሳቱንም እንዲሁ አስረዳ፤ ክፋቱና መበስበሱ ይነጻል። ቀጥለህ ሮሜ 8፥19-22ን አንብብ፦ ፍጥረት ራሱ ከጥፋት ባርነት ነፃ ይወጣል። ማሰሪያህ ዮሐንስ 20 ይሁን። በሩ እንደተዘጋ የገባው ጌታ የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳየው፤ ሥጋው ያው የተሰቀለው ነው፣ ሞት ግን ከእንግዲህ አይገዛውም። ምድርም እንዲሁ ያችው ሆና ትታደሳለች፤ ትንሣኤ ሙታን ሳይገባቸው አዲስ ምድር አይገባቸውም።
ራእይ 20ን አትክፈት፤ ክርስቶስ በምድር ሺህ ዓመት ይነግሣል አይነግሥም በሚለው ክርክር ጊዜው ያልቅብሃል። የግድ ከጠየቁ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ምድራዊ የሺህ ዓመት መንግሥት አትጠብቅም፤ በጸሎተ ሃይማኖት «ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም» እንላለን።

እህተ ገብርኤል፦
በቅዳሴው የሚነበበው ጴጥሮስ ከ3፥7 ስለሚጀምር ቁጥር 6ን አይሰሙትም፤ ደብተራው ያሉት ለዚህ ይጠቅማል። ወንጌሉም ማቴዎስ 24፥1-35 ነው። ቀኑን ማንም እንደማያውቅ የሚናገረው ቁጥር 36 ይቀራል ማለት ነው፤ አንብብላቸው፣ ዓመተ ምሕረት የሚቆጥሩ ስብከቶች ስልካቸው ላይ ሞልተዋል።
ደግሞም የወሎ ልጆች የ2014ቱን ጦርነት በዓይናቸው አይተዋል። ማቴዎስ 24 ቁጥር 6 ላይ «ጦርነት» ብለህ ከቆምክ አስደንግጠህ ትልካቸዋለህ። «አትደንግጡ» የሚለው እዚያው ነው፤ ቁጥር 8 መከራውን የምጥ መጀመሪያ ይለዋል፣ ሮሜ 8፥22ም ፍጥረት ምጥ ላይ ናት ይላል። ምጥ ደግሞ ለመውለድ ነው።

ዘኩታበር፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የችግኙን ጥያቄስ?

ደብተራው፦
ዘፍጥረት 2፥15፣ ሰው በገነት የተቀመጠው ያበጃትና ይጠብቃት ዘንድ ነው። መጽሐፈ ሄኖክም ከነጻች በኋላ ምድር ዛፍ እንደሚተከልባት ይናገራል፤ ቢያነቡት ደስ ይላቸዋል። ጉድጓዱን ክረምት ሳይገባ ቆፍረው የላይኛውን አፈር ለብቻው ያቆዩ፣ ሲተክሉ እሱ ከሥር ይግባ። ባሕር ዛፍ ከቅጥሩ ይራቅ።