መስከረም 20 ቦታውን ልቀቅ ተባልኩ፣ በርበሬው ግን ገና አልቀላም

ዓባይ ማዶ (ከጀርመን)፦
ጤና ይስጥልኝ የጎጃም ልጆች። ከአንድ ማኅበር የተከራየሁትን የአትክልት ቦታ በሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20፣ አጽድተህ አስረክብ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። 40 እግር በርበሬ አለበት፤ ዘሩ የቡሬ ነው። ሲሶው ቀልቷል፣ ሲሶው መጠየም ጀምሯል፣ የቀረው አረንጓዴ ነው። ቀኑ ገና ሞቃት ነው፤ ሌሊቱ ግን ወደ 8 ዲግሪ እየወረደ ነው። በዚህ ቀን ሊያስለቅቁኝ ይችላሉ? በርበሬውንስ ምን ላድርገው? እናቴም የዓመቱን በርበሬ እንድታሰናዳልኝ ብር ላክ ብላለች።

ጮቄ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ውልህን አውጣና «ክላይንጋርተን» (በጀርመንኛ ትንሽ የአትክልት ቦታ) የሚል ቃል ፈልግ። ካለ፣ ጉዳዩ የሚታየው በ1983ቱ የክላይንጋርተን ሕግ ነው። በዚህ ሕግ አከራይ ውል የሚያቋርጠው በመደበኛው ለኖቬምበር 30 ነው፤ የኅዳር ጽዮን ዕለት ማለት ነው። ማስታወቂያው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ እንደ ምክንያቱም እስከ ፌብሩዋሪ ወይም እስከ ኦገስት ሦስተኛ የሥራ ቀን ድረስ ሊደርስህ ይገባል። ከዚያ ውጭ በድንገት የሚያስወጣህ ከባድ ጥፋት ነው፤ ወይም ቢያንስ የሩብ ዓመት ኪራይ ውዝፍ ኖሮብህ፣ በጽሑፍ ተጠይቀህም በ2 ወር ውስጥ ካልከፈልክ። ቦታው ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆውም በረንዳውን ጨምሮ ከ24 ካሬ መብለጥ የለበትም። ከመሬቱ ቢያንስ ሲሶ ያህሉ አትክልትና ፍራፍሬ ሊሆን ይገባል፤ ስለዚህ በርበሬህ የሚጠቅምህ እንጂ የሚያስከስስህ አይደለም። ደብዳቤው ምክንያት ጠቅሷል?

የቡሬዋ፦
የወረቀቱን ነገር አያ ጮቄ ይዘውልሃል፤ በርበሬው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም። ከ7 ዲግሪ በታች ሲከርም ዛላው ላይ ውሃ የቋጠረ ጠባሳ ይወጣል፤ ውርጭ ካገኘው ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ዛሬውኑ አበባውንና ጣት የማያህለውን ፍሬ ቀንጥስ፤ ተክሉ ጉልበቱን ለትልልቆቹ ይስጥ። ማታ ማታ በቀጭን ጨርቅ ሸፍነው፣ ጠዋት ግለጥ።

የቀላውን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ከነጭራው ልቀም፤ ጭራው ከተነቀለ በቀዳዳው ሻጋታ ይገባል። መጠየም የጀመረውን ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ አካባቢ፣ ሳይደራረብ ወረቀት ላይ አስጣው፤ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይቀላል። ድፍን አረንጓዴው ከተለቀመ በኋላ ይጨማደዳል እንጂ አይቀላም። እሱን ስንግ አድርገህ ብላው፤ ወይም ተክሉን ከነሥሩ ነቅለህ፣ አፈሩን አራግፈህ፣ ደረቅ ጋራዥ ውስጥ ቁልቁል ስቀለው። ፍሬው ሙሉ መጠኑን የያዘ ከሆነ የተወሰነው ይቀላልሃል።

ማድረቁ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላሽበት። የዚህ አገር የመከር ፀሐይ ቀን ያሞቃል፣ ሌሊት ግን እርጥበቱን መልሶ ያጠጣዋል፤ ደጅ አትተማመን። ለሁለት ሰንጥቀህ ኦቨን ውስጥ በ60 ዲግሪ አድርገው፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ በሩን በእንጨት ማንኪያ ገርበብ አድርገህ ያዘው። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይፈጃል። እሳቱን ወደ 80 ካደረስከው ቀለሙ ቡኒ ይሆናል፤ እሱን በኋላ ምንም አይመልሰውም። ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ እንደ ቆዳ ከታጠፈ ገና ነው፣ ሲፈጭም ይጣበቃል። ከ10 ኪሎ እርጥብ ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ደረቅ ብታገኝ ነው። መስኮት ክፈት፤ ያስነጥሳል።

ፍኖተ ሰላም (ከአገር ቤት)፦
የእናትህን ነገር ልንገርህ። ብሩን ብትልክም አሁን በርበሬ አታስገዛ። እዚህም ሆነ ቡሬ ችግኙ ተክል የሚሆነው በክረምት ነው፤ መስከረም ላይ ማሳው ገና ቃሪያ ነው። ዛላው ደርቆ ገበያ የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። አሁን ያለው የአምናው ነው፤ ውዱም፣ ነቀዝ የነካውም እሱ ነው። ጥር ላይ ትግዛልህ። ስትገዛ ዛላውን ጆሮዋ ላይ ታንቀጭቅጨው፤ ፍሬው ካልተንኳኳ ውሃ ተረጭቶበት ክብደት የጨመረ ነው።

ለአሁን እሸት በቆሎውን ትብላ፤ አደዩም ፈንድቷል።

ዳንግላ፦
እሸት ባልክበት አፍህ ቁርጥ ይበልልኝ ወንድሜ! በውጭ አገር ላላችሁ፦ ሱቅ ያለው ጣፋጭ በቆሎ ቢጠበስ ያራል እንጂ የእኛን አይሆንም፣ ስኳሩ ይበዛል። ገበሬ ለከብት የሚዘራውን አስፈቅዳችሁ ግዙ። ጥፍር ሲሰኩበት ነጭ ወተት የሚረጭበት ሰሞን ነው ልኩ፤ ሊጥ ከሆነ አልፎታል።

ለዓባይ ማዶ ደግሞ፦ ሁሉንም ምን አደረቀው? የቀላውን እርጥቡን ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጨው ጋር ፍጨውና ድልህ አድርገው፤ ማሰሮ ሙላ፣ ላዩን ዘይት አልብስ፣ ምድር ቤት አስቀምጥ። ዓመት ይከርማል።

የቡሬዋ፦
አይሆንም እቴ፣ ይህ ሰው ምክርሽን እንዳይከተል! እርጥብ በርበሬም ነጭ ሽንኩርትም ኮምጣጣ አይደሉም። ዘይት ሲለብሱ አየር ያጣሉ፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው መርዝ የሚፈጠረው ልክ እንዲህ ባለ ቦታ ነው፣ ያውም ሳይሸት፣ ቀለሙ ሳይለወጥ። ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ያውም በሳምንት የሚያልቀውን ብቻ። የቀረው በበረዶ መሥሪያ እየተከፈለ ፍሪዘር ይግባ።

ዳንግላ፦
እናቶቻችን በማሰሮ ሲያኖሩት ማን ሞተ?

ዓባይ ማዶ፦
አያ ጮቄ፣ ውሉ ላይ «ክላይንጋርተን» የሚል የለም፤ «የመዝናኛ አትክልት ቦታ» ነው የሚለው። ደብዳቤው ምክንያት አልጻፈም። ይህ ሕጉን ይለውጠዋል?

የቡሬዋ፦
የእናቶቻችን በርበሬ በፀሐይ የደረቀ ነበር፤ ተደልዞም እንደገና ይሰጣ ነበር። አንቺ የምትይው ውሃው ያልወጣለትን ነው። ጨውስ ስንት ነው የምታደርጊው? ለ1 ኪሎ አንድ ማንኪያ ከሆነ ለጣዕም ነው፣ ለማቆየት አይበቃም።

ዳንግላ፦
ሁለት እፍኝ ነው የማደርገው።

የቡሬዋ፦
እፍኝ ልክ አይደለም እቴ፤ በሚዛን ንገሪኝ።