ማገዶ ቤት ያገኘኋት የድመት ግልገል ስንት ሳምንቷ ይሆን?

የማራኪዋ፦
ትናንት ማታ ዝናቡ ሲወርድ ከማገዶ ቤት የልቅሶ ድምፅ ሰማሁ። አንዲት ግልገል ማዳበሪያ ላይ ተኮራምታለች። እናቷን እስከ ጠዋት ጠበቅኩ፤ አልመጣችም። ዓይኗ ተገልጧል፣ ሰማያዊ ነው። ጆሮዋ ገና አልቆመም። የላም ወተት ሰጠኋት፤ አስቀመጣት። እባካችሁ፣ እንዳትሞትብኝ።

ከአዘዞ፦
እህቴ፣ የላም ወተቱን አቁሚ። ለግልገል ሆድ አይስማማም። ዓይን የሚገለጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ ጆሮ ቀጥ የሚለው ወደ 3 ሳምንት ገደማ። ያንቺዋ 2 ሳምንት ቢሆናት ነው። ድዷን ዳስሺው፤ የፊት ጥርስ ብቅ ካለ ወደ 3 ተጠግታለች። ከምግብ በፊት ግን ሙቀት! እኔ ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልቼ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልዬ ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጥላት ነበር። የበረዳት ግልገል የበላችውን አትፈጭም።

ቀዳሜ ገበያ፦
ስታጠቢያት በሆዷ ትተኛ፤ በጀርባዋ ከሆነ ትን ይላታል። በዚህ ዕድሜዋ ብቻዋን አትሸናም። ካጠባሻት በኋላ በለብታ ውሃ በራሰ ጨርቅ ከሥር ቀስ አድርገሽ አሺያት፤ እናቷ በምላሷ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ተቅማጡ ካልቆመ አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት። ስለ ግልገል የዱቄት ወተትም ጠይቂ።

የማራኪዋ፦
ዳሰስኩት፣ ድዷ ልሙጥ ነው። ሃይላንዱን ታቅፋ ተኝታለች። አሁን ወደ ሐኪም ልወስዳት ነው።